ሳይጣራ የተላከ ጥናት አይመለስም፦ አጭበርባሪ የምርምር ጆርናሎችንና ኮንፈረንሶችን የመለየት አስፈላጊነት

የምርምር ውጤት ከተመራማሪው እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሀብት የሚሆነው በታመነ መድረክ ሲታተም ነው። በዘርፉ ዕውቀት ያላቸው ባለሙያዎች ጽሑፉን አንብበው ማስረጃውን ካልመረመሩና ስሕተቱ እንዲታረም ካላደረጉ፣ ኅትመት ወረቀት ከማባዛት የተለየ ትርጉም አይኖረውም። ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ይህን ምዘና ሳያከናውኑ እንዳከናወኑ አድርገው የሚያቀርቡ፣ ክፍያ እየተቀበሉ የቀረበላቸውን ሁሉ የሚያትሙ አካላት በዓለም ዙሪያ ተበራክተዋል። እነዚህ በምሁራን ዘንድ «ፕሪዳተሪ ጆርናል» በመባል የሚታወቁ አጭበርባሪ የምርምር ጆርናሎች፣ እንዲሁም በተመሳሳይ መንገድ የሚዘጋጁ ኮንፈረንሶች፣ የማዕረግ ዕድገት የሚጠብቁ መምህራንን፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን እና የምርምር ተቋማት ባለሙያዎችን ዋነኛ ዒላማቸው አድርገዋል።

ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከገንዘብ ኪሳራ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ የጠፋ ገንዘብ ሊተካ ይችላል፤ ያለአግባብ የታተመ ጥናት ግን በቀላሉ አይመለስም። አንድ ጊዜ የታተመን ጽሑፍ ሌላ ጆርናል እንደ አዲስ አይቀበለውም፤ አጭበርባሪው አሳታሚም ጽሑፉን ከድረ ገጹ ለማንሣት ፈቃደኛ አይሆንም፣ ወይም ለማንሣት ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። በመሆኑም ጥንቃቄው ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ሲደረግ ነው።

የችግሩ አመጣጥ

ለረጅም ዘመን የምርምር ጆርናሎች ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው አንባቢዎችና ቤተ መጻሕፍት በሚከፍሉት የደንበኝነት ክፍያ ነበር። የኢንተርኔት መስፋፋትን ተከትሎ ማንኛውም ሰው ጽሑፎችን ያለክፍያ የሚያነብበት «ኦፕን አክሰስ» የተሰኘው የክፍት ተደራሽነት አሠራር ተስፋፋ። ከእነዚህ ክፍት ጆርናሎች ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲዎችና በሙያ ማኅበራት ድጋፍ የሚታተሙ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ወጪያቸውን ከደራሲው ወይም ከቀጣሪ ተቋሙ በሚሰበስቡት የኅትመት ክፍያ ይሸፍናሉ።

የኅትመት ክፍያ መጠየቅ በራሱ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ችግሩ የሚፈጠረው ገቢው ከታተሙት ጽሑፎች ብዛት ጋር በሚያያዝበት ጊዜ ነው። ጽሑፍ የማይጥል ጆርናል የበለጠ ገቢ ያገኛል፤ በሚገባ የሚመረምርና ብዙ የሚጥል ጆርናል ደግሞ ገቢው ይቀንሳል። ታማኝ ጆርናሎች ይህን ፈተና በአርታኢዎቻቸው ነጻነትና በግምገማ ሥርዓታቸው ይቋቋሙታል። አጭበርባሪዎቹ ግን ግምገማውን ከነጭራሹ ትተው ስሙን ብቻ ይይዛሉ።

በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ጄፍሪ ቢል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እነዚህን አሳታሚዎች «ፕሪዳተሪ» በማለት የሰየሙ ሲሆን፣ የሚጠረጠሩትን የያዘ ዝርዝር እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 2017 ድረስ በድረ ገጻቸው ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኅትመት የበቃ የሁለት ተመራማሪዎች ጥናት፣ በእነዚህ ጆርናሎች የወጡ ጽሑፎች በ2010 ከነበሩበት ወደ 53,000 ገደማ በ2014 ወደ 420,000 ገደማ ማደጋቸውን፣ በሥራ ላይ ያሉት ጆርናሎችም ወደ 8,000 እንደሚደርሱ ገምቷል። በዚያው ጥናት መሠረት ለአንድ ጽሑፍ የሚጠየቀው አማካይ ክፍያ 178 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከታወቁ ጆርናሎች ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ የሚመስለው ይህ ዋጋ ራሱ ከማጥመጃዎቹ አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ከ10 አገሮች የተውጣጡ 43 ባለሙያዎች በተስማሙበት ትርጓሜ መሠረት፣ አጭበርባሪ ጆርናሎችና አሳታሚዎች ከዕውቀት ይልቅ የራሳቸውን ጥቅም የሚያስቀድሙ ናቸው። መለያዎቻቸውም ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ መስጠት፣ ተቀባይነት ካለው የአርትዖትና የኅትመት አሠራር መውጣት፣ ግልጽነት ማጣት፣ እንዲሁም ሳይለዩ ለሁሉም የሚላኩ ተደጋጋሚ ጥሪዎች ናቸው።

በማስረጃ የተጋለጡ ድርጊቶች

«ሳይንስ» የተሰኘው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ምርመራ የችግሩን ስፋት በግልጽ አሳይቷል። ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን መሠረታዊ ስሕተት ያለበት የካንሰር መድኃኒት ጥናት ፈጥሮ፣ በሌሉ ተመራማሪዎችና በሌሉ የአፍሪካ ተቋማት ስም ለ304 ክፍት ጆርናሎች አሰራጨ። ከተቋማቱ አንዱ በአስመራ እንደሚገኝ ተደርጎ የተጻፈ የሕክምና ኢንስቲትዩት ነበር። ውጤቱ ይፋ እስከሆነበት ጊዜ ድረስ 157 ጆርናሎች ጽሑፉን ተቀብለዋል፤ ውድቅ ያደረጉት 98 ብቻ ነበሩ። ከተቀበሉት መካከል በታወቁ አሳታሚዎች ሥር ያሉ ጆርናሎች መገኘታቸው ደግሞ የአሳታሚው ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን አመልክቷል።

የፖላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሙከራ ያተኮረው በአርታኢዎች አመራረጥ ላይ ነው። በፖላንድኛ «አጭበርባሪ» ማለት ከሆነ ቃል ስሟን ለወሰዱላት፣ ምንም የኅትመት ልምድ ለሌላት ምናባዊ ምሁር የአርታኢነት ማመልከቻ ጽፈው ለ360 ጆርናሎች ላኩ። ከእነዚህ 48ቱ ሹመቱን ሰጧት፤ 40ዎቹ በቢል ዝርዝር ውስጥ ከነበሩት 120 ጆርናሎች ናቸው። በዚህ ሁኔታ የተሞላ የአርታኢዎች ዝርዝር ለጽሑፍ ጥራት ጥበቃ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው።

የኮንፈረንሶቹ አሠራርም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒው ዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አንድ ምሁር፣ በስልካቸው የቃላት መጠቆሚያ አማካይነት የተደረደሩ ትርጉም የለሽ ቃላትን የአቶሚክና የኑክሌር ፊዚክስ አጽሕሮተ ጥናት አድርገው ለአንድ ዓለም አቀፍ ኮንፈረንስ ላኩ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ጽሑፉ ተቀባይነት ማግኘቱና 1,099 ዶላር ከፍለው እንዲመዘገቡ የሚገልጽ ምላሽ ደረሳቸው።

ጉዳዩ ለፍርድ ቤት የቀረበበት አጋጣሚም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መቀመጫውን በሕንድ ሃይደራባድ ባደረገው ኦሚክስ ግሩፕ በተሰኘ አሳታሚና የኮንፈረንስ አዘጋጅ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ክስ መሥርቷል። ክሱ ድርጅቱ ጽሑፎች በባለሙያዎች ይገመገማሉ በማለት እንደሚያሳስት፣ ክፍያ መኖሩን ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ እንደሚገልጽ፣ ያልፈቀዱ ምሁራንን በአርታኢነትና በተናጋሪነት እንደሚዘረዝር የሚያመለክት ነበር። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 በሰጠው ውሳኔ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል አዟል።

ጉዳቱ የሚደርሰው በማን ላይ ነው?

የመጀመሪያው ተጎጂ ደራሲው ነው። ገንዘቡን ያጣል፤ ጽሑፉ በማዕረግ ዕድገት ወይም በምረቃ ጊዜ ሲመረመር ላይቆጠርለት ይችላል፤ ስሙም ከዚያ ጆርናል ጋር ተያይዞ ይቀራል። አሳታሚው ድረ ገጹን በዘጋበት ቀን ደግሞ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ተጎጂ በጥናቱ የተሳተፈው ኅብረተሰብ ነው። ለመጠይቅ ጊዜውን የሰጠ አርሶ አደር፣ ለምርመራ ደም የሰጠ ታካሚ፣ ቤቱን ከፍቶ መረጃ የሰጠ የቤተሰብ አባወራ ወይም እማወራ ተሳትፎውን የሚያደርገው ውጤቱ ለሌሎች ይጠቅማል በሚል እምነት ነው። ጥናቱ ማንም በማያምነው መድረክ ሲቀበር ያ እምነት ዋጋ ያጣል።

ሦስተኛው ተጎጂ አንባቢው ነው። ያልተገመገመ የመድኃኒት፣ የአመጋገብ ወይም የፀረ ተባይ አጠቃቀም ጥናት በኢንተርኔት ፍለጋ ላይ ከተገመገመው ጎን ለጎን ይወጣል፤ የሳይንስ ሥልጠና የሌለው ሰው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ ጠባብ ነው። «በዓለም አቀፍ ጆርናል የታተመ» የሚለው አገላለጽ ብቻውን ምርቱንም ሆነ ምክሩን ለመቀበል በቂ ማስረጃ ሊሆን አይገባም።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ተጋላጭነት

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ከዚያም በላይ ለሚደረግ ዕድገት የታተሙ ጥናቶች ይጠየቃሉ፤ በርካታ የሦስተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞችም ከመመረቅ በፊት ኅትመትን ግዴታ ያደርጋሉ። የታመኑ ጆርናሎች ግምገማ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። የጊዜ ገደብ ለተቃረበበት ተማሪ «በአንድ ሳምንት ውስጥ እናትማለን» የሚል ኢሜይል ፈታኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩን የተመራማሪው ስንፍና ብቻ አድርጎ መመልከት ትክክል አይደለም፤ ብዛትን እንጂ ጥራትን የማይመዝን የዕድገት አሠራር ባለበት ሁሉ አጭበርባሪ ጆርናል ገበያ ያገኛል።

በሌላ በኩል ጥንቃቄው የአገር ውስጥ ጆርናሎችን በጅምላ ወደመጠርጠር እንዳይወስድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ማኅበር ጆርናል ድረ ገጹ ያልተዋበ፣ እትሙም የሚዘገይ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የአቅም ውስንነት እንጂ ማጭበርበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልና በ1963 የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቁ የአገር ውስጥ መድረኮች ናቸው። የትምህርት ሚኒስቴርም የአገር ውስጥ ጆርናሎችን በመመዘኛ ገምግሞ ለተወሰነ ጊዜ የሚጸና ዕውቅና የሚሰጥበት አሠራር አለ። ዕውቅናው በጊዜ የተገደበ በመሆኑ ደራሲዎች ጽሑፋቸውን ከመላካቸው በፊት የጸናበትን ጊዜ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ዕድልም አለ። ታላላቅ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚላኩ ጽሑፎች የኅትመት ክፍያን ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ። ስለሆነም ኢትዮጵያዊ ደራሲ ለአጭበርባሪ ጆርናል 100 ወይም 200 ዶላር ከመክፈሉ በፊት፣ በታመነ ጆርናል ያለክፍያ ወይም በቅናሽ የሚታተምበት መንገድ መኖሩን በአሳታሚው ድረ ገጽ ላይ መመልከት ይጠቅመዋል። ጥያቄው በአብዛኛው የሚቀርበው ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ እንጂ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይደለም።

የአጭበርባሪ ጆርናሎች መለያ ምልክቶች

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ብቻ መገኘቱ ጆርናሉ አጭበርባሪ ነው ለማለት አያበቃም፤ ሁለትና ሦስቱ ተደርበው ሲታዩ ግን ጽሑፉን አለመላክ ይመረጣል።

• ጥሪው ከደራሲው የጥናት መስክ ጋር ግንኙነት የሌለው ሆኖ «ታላቅ ምሁር» በሚል ውዳሴ የታጀበና ተደጋጋሚ መሆኑ፤
• ግምገማው በጥቂት ቀናት እንደሚጠናቀቅ ቃል መገባቱ፣ ወይም ጽሑፉ ያለምንም የማሻሻያ አስተያየት ተቀባይነት ማግኘቱ፤
• የክፍያው መጠን በድረ ገጹ ላይ በግልጽ አለመቀመጡ፣ ወይም ክፍያው በግለሰብ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ መጠየቁ፤
• ጆርናሉ ከሕክምና እስከ ምሕንድስና፣ ከሕግ እስከ ግብርና ያለውን ሁሉ በአንድ እትም የሚያስተናግድ መሆኑ፤
• የአርታኢዎች ተቋማዊ አድራሻ አለመገለጹ፣ ወይም የተዘረዘሩት ምሁራን በራሳቸው የዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ኃላፊነቱን አለመጥቀሳቸው፤
• ስሙ ከታወቀ ጆርናል ስም ጋር በአንድ ቃል ብቻ የሚለያይ መሆኑ፤
• በማይታወቁ ድርጅቶች የተሰጠ «ኢምፓክት ፋክተር» በጉልህ መለጠፉ። ትክክለኛው ኢምፓክት ፋክተር የሚወጣው ክላሪቬት በተሰኘው ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ነው።

ብዙዎችን ስለሚያሳስት በተለይ ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ የአይኤስኤስኤን ቁጥር ነው። ይህ ባለ 8 አኃዝ ቁጥር ለማንኛውም ተከታታይ ኅትመት የሚሰጥ መለያ እንጂ የጥራት ምስክር ወረቀት አይደለም። ቁጥሩ ግን ለማጣራት ይረዳል፤ በአይኤስኤስኤን ዓለም አቀፍ ማዕከል ድረ ገጽ ሲፈለግ ጆርናሉ የተመዘገበበትን ስምና አገር ያሳያል። ራሱን «የአሜሪካ» ወይም «የአውሮፓ» ብሎ የሚጠራ ጆርናል በሌላ አህጉር ተመዝግቦ ከተገኘ ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከዚህም የተራቀቀው ዘዴ የአንድን እውነተኛ ጆርናል ስምና መለያ ቁጥር ወስዶ ተመሳሳይ ድረ ገጽ መክፈት ነው። በዚህ ጊዜ የጆርናሉ ስም በታወቁ ዝርዝሮች ውስጥ ይገኛል፤ ሐሰተኛው ድረ ገጹ ብቻ ነው። ስለዚህ በኢሜይል የመጣን ማስፈንጠሪያ ከመከተል ይልቅ ድረ ገጹን ከአሳታሚው ወይም ጆርናሉን ከሚያወጣው ተቋም ዋና ገጽ ተነሥቶ መክፈት ይመከራል።

ኮንፈረንሶችን በተመለከተ

ታማኝ ኮንፈረንስ በአብዛኛው በሚታወቅ የሙያ ማኅበር ወይም ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ፣ ጠባብ ርእሰ ጉዳይ ያለውና የገምጋሚ ኮሚቴ አባላቱን የሚያሳውቅ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል፣ በተመሳሳይ ቀናት በደርዘን የሚቆጠሩ ተዛማጅነት የሌላቸው ጉባኤዎችን የሚያስተዋውቅ አዘጋጅ ግን ጥርጣሬን ይጋብዛል። ዋና ተናጋሪ ተብለው ለተዘረዘሩት ምሁራን በተቋማቸው አድራሻ አጭር ኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ እውነቱን ያወጣል።

ከኢትዮጵያ ለሚጓዝ ተሳታፊ ኪሳራው ድርብ ነው። የምዝገባ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴልና የቪዛ ክፍያ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሬ የሚፈጸም ሲሆን፣ ቪዛ ቢከለከል ወይም ጉባኤው ቢሰረዝ ገንዘቡ የማይመለስበት ሁኔታ ሰፊ ነው። የግብዣ ደብዳቤ መያዝ ለቪዛ ዋስትና እንደማይሆንም መታወቅ አለበት። በመሆኑም ማንኛውም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የገንዘብ ተመላሽ ደንቡን በጽሑፍ ማግኘት፣ ያለፉትን ዓመታት የጉባኤ ሰነድና የተሳታፊዎች ዝርዝር መመልከት፣ በዘርፉ ልምድ ያላቸውን የሥራ ባልደረቦችም ማማከር ይገባል።

ከመላክ በፊት የሚደረግ ማጣራት

የማጣራቱ ሂደት ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሲሆን በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊከናወን ይችላል።

1. ከጆርናሉ የቅርብ እትሞች ሁለት ወይም ሦስት ጽሑፎችን ማንበብ። የጽሑፎቹ ጥራት ከማንኛውም ዝርዝር የበለጠ ይናገራል።
2. ጆርናሉ በክፍት ጆርናሎች ማውጫ (ዲኦኤጄ)፣ በስኮፐስ ወይም በዌብ ኦፍ ሳይንስ መዝገብ ውስጥ መኖሩን በጆርናሉ ድረ ገጽ ሳይሆን በመዝገቦቹ ድረ ገጽ ማረጋገጥ። የአፍሪካ ጆርናሎችን ለመፈለግ «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» ይጠቅማል።
3. ለአርታኢዎቹ ቢያንስ ለአንዱ በተቋማዊ አድራሻው ጽፎ ኃላፊነቱን ማረጋገጥ።
4. የክፍያ፣ የቅጂ መብትና ጽሑፍን የመሰረዝ ደንቦችን አስቀድሞ ማንበብ።
5. የዩኒቨርሲቲውን የምርምር ጽሕፈት ቤት፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ወይም አማካሪ መምህር መጠየቅ፤ ኅትመቱ ለዕድገት ወይም ለምረቃ እንደሚቆጠር አስቀድሞ ማረጋገጥ።

መዝገቦቹም ቢሆኑ የሚለዋወጡ ናቸው። የክፍት ጆርናሎች ማውጫ መመዘኛውን አጥብቆ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ3,000 በላይ ጆርናሎችን የሰረዘ ሲሆን፣ ዌብ ኦፍ ሳይንስም በ2023 ከ50 በላይ ጆርናሎችን አስወጥቷል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት የተረጋገጠ ጆርናል ዛሬም በመዝገቡ ላይ መኖሩን እንደገና መመልከት ያስፈልጋል።

ጽሑፉ አስቀድሞ ተልኮ ከሆነ

ጽሑፉን የላከ ነገር ግን ያልከፈለና የቅጂ መብት ውል ያልፈረመ ደራሲ፣ ጽሑፉን ማንሣቱን ወዲያውኑ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የሚደርሱትን መልእክቶችና ደረሰኞች ሁሉ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ለተቋሙ የምርምር ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል። ጽሑፉን ለማንሣት የሚጠየቅ ክፍያን ከተቋሙ ጋር ሳይመካከሩ መፈጸም ለተጨማሪ ጥያቄ በር ሊከፍት ይችላል። ወደ ሌላ ጆርናል ለመላክ ሲታሰብ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ለአዲሱ አርታኢ በግልጽ መጻፍ ይሻላል፤ የተደበቀ ተደራራቢ ኅትመት ኋላ ላይ ሲገለጥ ደራሲውን ራሱን የሥነ ምግባር ተጠያቂ ያደርገዋል።

ተቋማትም የድርሻቸውን መወጣት ይጠበቅባቸዋል። ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የጆርናል አመራረጥ ሥልጠና መስጠት፣ በዕድገት ግምገማ የጽሑፎችን ቁጥር ከመደመር ባሻገር ይዘታቸውን መመርመር፣ ተታልሎ ለጠየቀ ተመራማሪም ከቅጣት አስቀድሞ ምክር መስጠት ችግሩን ከምንጩ ያደርቃል። ተመራማሪው ስሕተቱን የሚናገርበት በር ከተዘጋበት ጉዳዩን ይደብቃል፤ በዚያው ወጥመድ ውስጥም ሌሎች ይወድቃሉ።

ዓመታት የፈጀ የመስክ ሥራ፣ የብዙ ሰዎች ትብብርና የሕዝብ ሀብት የፈሰሰበት ጥናት የመጨረሻ ዕጣው የሚወሰነው ደራሲው ጽሑፉን በሚልክበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት ለማጣራት የሚውል አንድ ሰዓት ጥናቱ የተሠራለትን ኅብረተሰብ እንዲያገለግል ያስችላል።